«ስምህን ብቻ አውሰኝ»፦ ነዋሪ መስለው የመንግሥት ቤት የሚጫረቱ ኢንቨስተሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የማውቀው ሰው ቡና ልጠጣ ብሎ ቤቴ መጣ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያረጁ ቤቶችን እየገዛ፣ እያደሰ ያከራያል። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ለቅሶ ቤት አይጠፋም፤ ለአዲስ መጪ ሥራ ያፈላልጋል። ቶናው ሲቀዳ ስልኩን አወጣና የአንድ ቤት ፎቶ አሳየኝ። የጡብ ቤት፣ ሦስት መኝታ፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ያለው። «አንተ ከኪስህ ምንም አታወጣም» አለኝ። «ስምህን ብቻ አውሰኝ።»

ቤቱ የመንግሥት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መጫረት የሚችለው ገብቶ የሚኖርበት ሰው ነው። እሱ ኢንቨስተር ስለሆነ ተራው ገና አልደረሰም። እኔ ደግሞ ያኔ ተከራይ ነበርኩ። ቤት የለኝም፣ ክሬዲቴ፣ ማለትም የብድር ታሪኬ፣ ንጹሕ ነው። በእኔ ስም ይገዛል፣ ገንዘቡን እሱ ያመጣል፣ ዓመት ሳይሞላ ስሙ ይዞራል። ለእኔ 5,000 ዶላር።

ወዲያው እምቢ አላልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንድፈርመው የታሰበውን ወረቀት ከኢንተርኔት አውርጄ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ የቀረበላቸው ሌሎች የአገሬ ልጆች አጋጥመውኛል። አንዳቸውም ወረቀቱ ምን እንደሚል አያውቁም ነበር። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ ቤቱ እንዴት የመንግሥት እንደሚሆን እንይ። ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው የፌዴራል ተቋም በ1934 ነው የተመሠረተው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኤፍ ኤች ኤ ገንዘብ አያበድርም። ባንኩ ሲያበድር «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ አለሁ» ብሎ ዋስ ይሆናል። ክሬዲቱ ደህና የሆነ ሰው 3.5 በመቶ ብቻ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ከፍሎ ቤት የሚገዛው በዚህ ዋስትና ነው። ዋስትናው ነፃ አይደለም። ተበዳሪው መጀመሪያ ላይ የብድሩን 1.75 በመቶ፣ ከዚያም በየወሩ የመድን ክፍያ ይከፍላል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ቤቱን ይወርሳል። ከዚያ ኤፍ ኤች ኤ ለባንኩ ይክሳል፣ ቤቱም በ1965 ለተቋቋመው የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ለሃድ ይተላለፋል።

ሃድ ቤት ይዞ መቀመጥ አይፈልግም። ሣር ይታጨዳል፣ በረዶ ይጠረጋል፣ በክረምት ቧንቧ እንዳይፈነዳ ውሃው ተመጥጦ ይወጣል፤ ሁሉም ወጪ ነው። ስለዚህ ሃድ ሆምስቶር በሚባለው ድረ ገጹ ለጨረታ ያወጣዋል። ገዢ በቀጥታ ዋጋ ማስገባት አይችልም። በሃድ ዘንድ የተመዘገበ ኤጀንት (የቤት ደላላ) ያስፈልገዋል።

እነዚህን ቤቶች ገብቶ ያየ ሰው አይረሳቸውም። በሩ ላይ ኮድ ያለው የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ሽንት ቤቱ ማንም እንዳይጠቀምበት በፕላስተር ታሽጓል። መብራት ስለሌለ ቤዝመንቱን የምታየው በስልክህ መብራት ነው። ኩሽናው ውስጥ ጎብኚዎች ስማቸውን የሚጽፉበት ወረቀት ተቀምጧል። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ማሞቂያው ቢሰበር ሃድ አይጠግንም። ባለበት ሁኔታ ይሸጣል። እንደዚያም ሆኖ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ቤት ዝቅ ስለሚል ሁለት ዓይነት ሰው ዓይኑን ይጥልበታል፤ ቤት የሌለው ቤተሰብና ነጋዴው።

ሃድ ለሁለቱ እኩል አይከፍትም። መጀመሪያ ለሚኖርበት ገዢ፣ ለአካባቢ መንግሥታትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይከፍታል። ይህ የቅድሚያ ጊዜ በኤፍ ኤች ኤ ብድር ሊገዙ ለሚችሉ ቤቶች ለዓመታት 15 ቀን ነበር፤ በኋላ ወደ 30 ቀን ከፍ ብሏል። በጣም ለተጎዱ ቤቶች ግን አጭር ነው፤ ለረጅም ጊዜ 5 ቀን ነበር። ቤቱ በዚያ ጊዜ ካልተሸጠ ለማንም ክፍት ይሆናል። የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ተቋማት፣ ፋኒ ሜና ፍሬዲ ማክም፣ የወረሷቸውን ቤቶች ሲሸጡ ተመሳሳይ ቅድሚያ ይሰጣሉ። በ2021 ከ20 ቀን ወደ 30 ቀን አራዝመውታል።

ይህ ቅድሚያ ዝም ብሎ የመጣ ችሮታ አይመስለኝም። የባንኩ ኪሳራ የተከፈለው ተራ ቤት ገዢዎች ካዋጡት የመድን ገንዘብ ነው። አንድ ቤተሰብ ቤቱን ተነጥቆ ወጥቷል። ቤቱ ሌላ ቤተሰብ ቢገባበት ከሁሉም ይሻላል። ባዶ ቤት የበዛበት ሰፈር ምን እንደሚመስል ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ በኋላ እዚሁ ሜሪላንድ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማጭበርበሩ ልምጣ። አንዱ መንገድ እኔ የተጠየቅኩት ነው፤ ስም ማዋስ። ኢንቨስተሩ ቤት የሌለውን የአክስቱን ልጅ፣ ሠራተኛውን ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጁን ያቀርባል። ሁለተኛው ከዚህ ይቀላል። ኢንቨስተሩ ራሱ «እኖርበታለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ክሎዚንግ (የግዢው የመጨረሻ ፊርማ) ባለፈ በሳምንቱ ቀለም ቀቢ ያስገባል፣ በወሩ ኪራይ ያስተዋውቃል። አንዳንዱ ደግሞ በሚስቱ፣ ቀጥሎ በወንድሙ፣ ቀጥሎ በእናቱ ስም እያፈራረቀ ይገዛል። የሚያፈራርቀው ሕጉ በነዋሪነት የሃድ ቤት የገዛ ሰው በ24 ወር ውስጥ ሌላ በነዋሪነት እንዳይገዛ ስለሚከለክል ነው።

ጥቅሙ ቅድሚያ በማግኘት አያበቃም። በኢንቨስተርነት የሚበደር ሰው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ዳውን ይጠየቃል፣ ወለዱም ከፍ ይላል። ነዋሪ ነኝ ያለ ግን በትንሽ ዳውን፣ በዝቅተኛ ወለድ ይበደራል። በአንዳንድ ስቴቶች የሃድ ቤት በኤፍ ኤች ኤ ብድር ለሚገዛ ነዋሪ በ100 ዶላር ዳውን የሚሸጥበት አሠራርም አለ። በአንድ ውሸት ይህ ሁሉ በር ይከፈታል።

ውሸቱ በዝምታ የሚያልፍ አይደለም። ጉዳት አለው። የፊላደልፊያ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በ2023 ያወጣው ጥናት የመንግሥትን ጨረታ ብቻ ሳይሆን የቤት ብድርን በአጠቃላይ ነው ያየው። ኢንቨስተር ከሆኑት ተበዳሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ነዋሪ ነን ብለው የተበደሩ ናቸው ይላል። እነዚህ ሰዎች ኢንቨስተርነታቸውን በግልጽ ተናግረው ከተበደሩት ጋር ሲነጻጸሩ ብድራቸውን ሳይከፍሉ የሚቀሩት 75 በመቶ በበለጠ ነው። ገበያው ሲያሽቆለቁል ቤቱን ጥለውት ይሄዳሉ፤ ዕቃቸው አልገባ፣ ልጃቸው ሰፈሩ ትምህርት ቤት አልተመዘገበ። ብድሩ የኤፍ ኤች ኤ ዋስትና ያለው ከሆነ ኪሳራው ተመልሶ እዚያው የመድን ቋት ላይ ይወድቃል።

እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ሁለተኛ የወጣው ተጫራች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እሷ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ እሱ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አራቱም ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ናቸው። ዳውን ፔይመንቱን ያጠራቀሙት በእቁብ ነው። እጣው ሲደርሳቸው ሳይነኩት ባንክ አስገቡት። ፕሪንስ ጆርጅስ ውስጥ አንድ የሃድ ቤት ወጣ፤ አብሬያቸው ሄጄ አየሁት። ሴትየዋ በጨለማው ኩሽና መስኮት አጠገብ ቆማ ጓሮውን እያየች «እዚህ ጋ ጎመን እተክላለሁ» አለች። ወጥተን ስንሄድ ወረቀቱ ላይ ስማቸውን በጥንቃቄ ጻፈች።

አላሸነፉም። ኤጀንታቸው በ4,000 ዶላር እንደተበለጡ ነገራቸው። አዘኑ፣ ግን የሚኖርበት ሰው ካገኘው ምን ይደረጋል አሉ። ሁለት ወር ተኩል አለፈ። አንድ ሌሊት ሴትየዋ በእረፍቷ ሰዓት ስልኳ ላይ የኪራይ ቤት ስታይ ያንን መስኮት አየችው። መደርደሪያው አዲስ ነው፣ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ጓሮው ግን ያው ነው። በወር 2,900 ዶላር። ፎቶውን ለባሏ ላከችለት፣ እሱ ለእኔ። ከሥሩ ምንም አልጻፈም።

ገዢው አጭበርብሯል ብዬ መማል አልችልም። የሰው ሕይወት ይለዋወጣል። ሥራ ወደ ሌላ ስቴት ይወስዳል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ እናት ትታመማለች። ሕጉም ይህን ይረዳል። ጥያቄው በፈረምክባት ሰዓት ልብህ ውስጥ ምን ነበር ነው። ልትኖርበት አስበህ ፈርመህ በኋላ ነገር ከተበላሸ ወንጀል አልሠራህም። እንደማትኖርበት እያወቅክ ከፈረምክ ግን ወንጀሉ የተፈጸመው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። በኋላ ኪራዩ ባይሳካ፣ ቤቱ ባይሸጥ፣ ዕዳው በሰዓቱ ቢከፈልም ለውጥ የለውም።

ልብን ማን ያያል ይባል ይሆናል። ወረቀት ያያል። መርማሪ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የመብራት ሂሳብ በማን ስም ነው የሚመጣው? መንጃ ፈቃድህ ላይ ያለው አድራሻ የቱ ነው? የቤት ኢንሹራንሱ የነዋሪ ነው ወይስ የአከራይ? የኪራይ ማስታወቂያው መቼ ወጣ? ታክስ ስታሠራ ቤቱን ኪራይ ብለህ አስመዝግበሃል? ሰው በዚህ በመጨረሻው ሊያዝ ይችላል። ለሃድ «እኖርበታለሁ» ያለ ሰው ለታክስ መሥሪያ ቤቱ «አከራየሁት» ብሎ ወጪውን ይቀንሳል። ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሁለት የተለያየ ቃል፣ አንድ ፊርማ።

ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ መርማሪ መሆንም አያስፈልግም። የስቴቱ የንብረት መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። አድራሻውን ስታስገባ የባለቤቱን ስምና የተገዛበትን ዋጋ ያሳይሃል። እዚያው ላይ «ዋና መኖሪያ» የሚል መስመር አለ፤ አጠገቡ ወይ አዎ ወይ አይደለም ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ያን ማታ ያነበብኩት ወረቀት አጭር ነው። ቤቱን ዋና መኖሪያዬ አድርጌ ቢያንስ 12 ወር እኖርበታለሁ ይላል። ባለፉት 24 ወራት በነዋሪነት የሃድ ቤት አልገዛሁም ይላል። ከሥሩ ማስጠንቀቂያው አለ፤ እያወቀ በሐሰት የፈረመ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስከ 2 ዓመት እስር ይጠብቀዋል። ኤጀንቱም ይፈርማል። እያወቀ ኢንቨስተርን በነዋሪ ስም አላስገባሁም ብሎ ያረጋግጣል። ያንን ያፈረሰ ኤጀንት ከሃድ ሥራ ሊታገድ ይችላል። የባንክ ብድር ከተጨመረበት ነገሩ ይከብዳል። ለባንክ ብድር ሐሰት የተናገረ ሰው በፌዴራል ሕግ የሚደርስበት ጣሪያ 1 ሚሊዮን ዶላርና 30 ዓመት ነው። እርግጥ ጣሪያው ላይ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው።

ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? ያ ወዳጄ የትም ቦታ አልፈረመም። ስሙ የለም። የሚጠየቀው መጀመሪያ እኔ ነኝ። ዕዳው በእኔ ስም ነው፣ የንብረት ግብሩ በእኔ ስም ነው፣ እሱ አንድ ወር ባይከፍል የሚበላሸው የእኔ ክሬዲት ነው። በኋላ የራሴን ቤት ልግዛ ብል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዢ ከሚሰጠው ድጋፍ ልገፋ እችላለሁ፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባለፉት 3 ዓመታት የራሱ መኖሪያ ቤት ያልነበረውን ሰው ነው የሚሹት።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚከፋ ነገር አለ፤ ስለዚህ ሲወራ ግን አልሰማሁም። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ጉዳት ባደረሰ ማጭበርበር ከተፈረደበት የኢሚግሬሽን ሕጉ ከከባድ ወንጀል ይቆጥረዋል፤ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። በቤት ጉዳይ 10,000 ዶላር ምንም ማለት አይደለም። ለ5,000 ዶላር ውለታ የዘረጋኸው እጅ ልጆችህን ጥለህ እንድትሄድ ሊያደርግህ ይችላል። ስም አዋሽ ተብለው የሚመረጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ የመጡት፣ ቤት የሌላቸውና እምቢ ማለት የሚከብዳቸው ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እጣ የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም ተባለ። ወዲያው በውክልና ተሸጠ። ገዢው ቁልፍ ይዞ ገባ፣ ስሙ ግን የሌላ ነው። በዚያ ምክንያት ስንት ወንድማማች ፍርድ ቤት ቆመ። ስለዚህ ስም ማዋስ ሲባል ጆሯችን ይለምደዋል፣ ነውርነቱም ይቀልብናል።

መሥሪያ ቤቱስ ምን ይላል ብትሉ፣ ድካሙ እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ በፊርማ የቆመ ነው። ሃድ ቤቱን ከሸጠ በኋላ የእያንዳንዱን ሰው በር አያንኳኳም። ሥራው ባዶ ቤት ማስወጣት ነው፤ ዋጋው ከተከፈለ ፋይሉ ይዘጋል። ኤጀንቱም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ ደንበኛው በዓመት አሥር ቤት የሚገዛ ኢንቨስተር ከሆነ ዓይኑን መጨፈን ይቀለዋል። ሁለተኛ የወጣው ተጫራች ደግሞ ለምን እንደተሸነፈ አያውቅም። አቤት የሚል ከሌለ ነገሩ ውሃ ይበላዋል።

ግን ሊሠራ የሚችል ነገር አለ፤ ሃድ ራሱ ያውቀዋል። ለፖሊሶች፣ ለአስተማሪዎች፣ ለእሳት አደጋና ለድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች በተመረጡ ሰፈሮች ያሉ ቤቶችን በግማሽ ዋጋ የሚሸጥበት ፕሮግራም አለው። እዚያም ተጭበርብሯል። በግማሽ ዋጋ ገዝተው ሳይኖሩበት የቀሩ፣ ያከራዩም ፖሊሶች ተገኝተው ሽያጩ በ2001 ለ120 ቀን ቆሞ ነበር። ዛሬ በዚያ ፕሮግራም የገዛ ሰው 36 ወር መኖር አለበት፤ በየዓመቱ እየኖረ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። የተቀነሰለት ግማሽ ዋጋ ደግሞ ቤቱ ላይ እንደ ሁለተኛ ዕዳ ይመዘገባል። ወለድ የለውም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። 36 ወር ከኖረ ዕዳው ይሰረዛል፤ ከወጣ ይከፍላል።

ለተራው የሃድ ጨረታም ይህን መሰል ማሰሪያ ቢደረግ እላለሁ። ትንሽ ገንዘብ ቤቱ ላይ ለ12 ወር በዕዳ ይመዝገብ። በዓመቱ መጨረሻ ገዢው የመብራት ሂሳቡንና መንጃ ፈቃዱን ልኮ ይሰረዝለት። የሚኖርበት ሰው ምንም አይጎዳም። ሜሪላንድን በመሰሉ ስቴቶች የተሸጡትን አድራሻዎች ከንብረት መዝገቡ ጋር ማስተያየትም ይቻላል፤ የሁለት ቀን የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ኢንቨስተሮች የሚያነሱት መከራከሪያ ከንቱ አይደለም። ጣሪያው የወደቀ፣ ሻጋታ የወረሰው ቤት በ3.5 በመቶ ዳውን ለሚገዛ ቤተሰብ መከራ ነው። ባንኩም ለዚያ ቤት አያበድረውም። ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ ቢያድሰው ሰፈሩም ይጠቀማል። ልክ ናቸው። በጣም ለተጎዱት ቤቶች የቅድሚያው ጊዜ አጭር የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል። የሚሻሙት ግን የወደቀውን ቤት አይደለም። ነዋሪ መስሎ መፈረም የሚያስፈልገው ቤተሰብ ሊገባበት ለሚችለው፣ ቀለምና መደርደሪያ ብቻ ለጎደለው ቤት ነው።

ያየኸው ነገር ካጠራጠረህ የሃድ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ጥቆማ ይቀበላል፤ ስልኩ 1-800-347-3735 ነው። ስምህን ሳትናገርም ማመልከት ትችላለህ። አድራሻውን፣ ቤቱ የተሸጠበትን ጊዜና የኪራይ ማስታወቂያውን ቅጂ ያዝ። ባልና ሚስቱ ያንን ፎቶ ሳያጠፉት ቆይተው ስለነበር ደውለዋል። ወሬ አቀባይ እንዳይባሉ ፈርተው አንድ ሳምንት ሲያመነቱ ነው የቆዩት።

ወዳጄን ያገኘሁት በሳምንቱ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ። ወረቀቱን እንዳነበብኩትና እንደማልፈርም ነገርኩት። አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ጥቂት ቀን ታገስ» አልኩት። «ጊዜው አልፎ ለሁሉም ሲከፈት በራስህ ስም ግዛው።»

የመኪናውን በር ከፍቶ ቆመ። «ያኔማ» አለኝ፣ «የሚኖርበት ሰው ወስዶታል።»